መልሱ በሚቀጥለው ምዕራፍ

ድሬዳዋ፣ ጥር 18 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለአክስቴ ለወይዘሮ ፋናዬ ኃይሌ
ጅቡቲ፣ ካርቲየ 3

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን ጤና እጠይቃለሁ፤ ቀጥዬ የሱቅ ሸሪክዎን የእትዬ ዓቢዳን፣ ከዚያም ቀን ከሌት የሚያጓሩትን የበረዶ ማሽኖቻችሁን። እኔ ለቁልቢው ገብርኤል ምስጋና ይግባውና ደህና ነኝ። አባባም ጉልበታቸውን ትንሽ ያማቸዋል እንጂ ደህና ናቸው፤ “እህቴን ሳምልኝ” ብለዋል።

አክስቴ፣ የማበስርዎት ነገር አለኝ። ዘንድሮ በዩኒቨርሲቲያችን የኢኮኖሚ አስተሳሰብን ታሪክ እንዳስተምር ተመድቤያለሁ። ሰዎች ከጥንት እስከ ዛሬ ስለ ሀብት፣ ስለ ዋጋና ስለ ሥራ ምን ሲያስቡ እንደኖሩ የሚያሳይ ትምህርት ነው። ተማሪዎቼ ግን በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ሸምድደው ይመልሱልኛል እንጂ ከልባቸው አይከራከሩበትም። ስለዚህ በአማርኛ መጽሐፍ ልጽፍላቸው ተነሥቻለሁ።

አጻጻፌ ትንሽ ለየት ይላል። እያንዳንዱን ምዕራፍ የምጽፈው የዚያ ዘመን ሰው ሆኜ፣ እሱ ያመነውን አምኜ ነው። ስህተቱን የሚነግረው የሚቀጥለው ምዕራፍ ነው። እንዲህ ካልሆነ ተማሪ የድሮ ሰዎችን ሞኝ አድርጎ ይስቅባቸዋል እንጂ አይማርባቸውም ብዬ ነው።

ከእርስዎ የምለምነው፣ እያነበቡ አማርኛዬ የደረቀበትን ቦታ እንዲነግሩኝ ነው። በስልክ እንዳንጨዋወት ማሽኖቹ ይጮኻሉ፤ በስልክ መስታወት ላይ ማንበብም እንደማይወዱ አውቃለሁ። ስለዚህ ምዕራፎቹን በወረቀት አትሜ በሹፌሩ በደጉ እጅ እልካለሁ። ዕቃ ሊያነሳ ወደቡ ድረስ ይመላለሳል፤ የሚመለስበት ቀን ግን እንደ ወደቡ ወረፋ ነው።

የመጀመሪያው ምዕራፍ የሃይማኖት ሊቃውንት ስለ ትክክለኛ ዋጋና ስለ አራጣ ያስተማሩትን ይዟል። ከሰሜን አፍሪካ የተነሣ አንድ የሙስሊሞች ዳኛም አለበት፤ ሀብት ከሰው ድካም እንደሚመጣ፣ ግብር የሚያበዛ ንጉሥም ኋላ የሚሰበስበው እንደሚያንስበት ገና ከስድስት መቶ ዓመት በፊት የጻፈ ሰው ነው። እሱን ለእትዬ ዓቢዳ ይስጡልኝ።

አክባሪዎ የወንድምዎ ልጅ
ጥበብ ከበበው


ጅቡቲ፣ የካቲት 9 ቀን 2016

ለወንድሜ ልጅ ለጥበብ

እጅህ አይዛል፣ ዓይንህ አይፍዘዝ። ዕድሜህ ይርዘም፤ መጽሐፍህ ግን እባክህ አይርዘም።

ወረቀቱ ደርሶኛል። ደጉ ከመኪናው ጎማ ጋር አስቀምጦት ኖሮ ቅባት ነክቶታል፣ ግን ይነበባል። መነጽሬ ከተሰበረ ወዲህ የራሴን ጽሑፍ እንኳ አጥርቼ አላይም፤ ፊደሌ እንዲህ የገዘፈው ለዚህ ነው። የምታነበው ዓቢዳ ናት። ቀትር ላይ ከተማው ሲተኛ እኛም በሩን ገርበብ አድርገን እንቀመጣለን፤ እሷ ታነባለች፣ እኔ እሰማለሁ፣ ሽማግሌው ሙሕሲን ደግሞ ይቃወማል። ሙሕሲን መርከበኛ የነበረው ጎረቤታችን ነው፤ ጡረታ ከወጣ ጀምሮ ወንበሩ ከሱቃችን ደጃፍ ተነሥቶ አያውቅም። ከእኛ በረዶ ገዝቶ አያውቅም፤ ከጥላችን ግን ድርሻ አለው።

ዳኛውን ዓቢዳ ወድዳዋለች። “የሐረር ዘመድ ሳይኖረው አይቀርም” አለች። ስለ ትክክለኛ ዋጋ የጻፍከውን ስትጨርስ ሙሕሲን፣ ትክክለኛ ዋጋ የሚባል ነገር በምድር ላይ የለም፣ ሻጭና ገዢ እስኪደክማቸው ድረስ መከራከር ነው ያለው ብሎ ተነሣብን። እኔ ግን ዋጋ የሌለው በረዶም አለን አልኩት። ታውቀዋለህ አይደል? ከሰፈሩ ሰው ሲሞት፣ ክርስቲያን ይሁን እስላም፣ ለለቀስተኛው ውኃ ማቀዝቀዣ የሚሆን በረዶ እንልካለን። የሐዘን በረዶ እንለዋለን። አይሸጥም፣ አይጻፍም፣ አይመለስም።

አንተ ሕፃን ስለነበርክ አታስታውሰውም እንጂ እናቴ፣ አያትህ፣ የሞተች ጊዜ ሰው ሁሉ በሙቀት ሊወድቅ ሲል አንዲት የማላውቃት ልጅ በጆንያ የተጠቀለለ በረዶ ተሸክማ ገባች። ምንም ሳትናገር ጓዳ ገብታ ውኃ መቅዳት ጀመረች። ዓቢዳ ነበረች። በዓመቱ ይህን ሱቅ አብረን ከፈትን። እስከ ዛሬ እሷም ታቀዘቅዛለች እሷም ትሸጣለች፣ እኔም አቀዘቅዛለሁ እኔም እሸጣለሁ፤ ማታ የተገኘውን ለሁለት እንካፈላለን። ይህ በመጽሐፍህ የለም፣ ካመቸህ አስገባው።

አማርኛህ ደህና ነው። “ከዚህ አኳያ” የምትለውን ግን ቀንስ፤ ሙሕሲን በሰማ ቁጥር ያዛጋል። ደግሞ አደራህን፣ ከድሬዳዋ መነጽር ግዛልኝ፤ እዚህ ዋጋው አይቀመስም።

አክስትህ ፋናዬ

ልጄ ጥበብ፣ ይህን የምጽፈው እኔ ዓቢዳ ነኝ። አክስትህ ስትሰማ እንቅልፍ ወስዷታል፤ ወድጄዋለሁ የምትልህ ግማሹን ነው። እኔ ግን ሁሉንም አንብቤዋለሁ። አላህ ይጨምርልህ።


ድሬዳዋ፣ የካቲት 30 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ አክስቴ

ጤናና ሰላም ከነሱቃችሁ ይሁንላችሁ። ዘንድሮ የእኛ ዐቢይ ጾምና የእትዬ ዓቢዳ ረመዳን በአንድ ቀን እንደሚገቡ ሳይ ሳቅሁ፤ ከእንግዲህ ማን ማንን በምሳ ሰዓት እንደሚያስቀና እንጃ።

መነጽሩን ልኬያለሁ። ከእሱ ጋር ሁለት ምዕራፎች አሉ። ሁለተኛው ስለ ነጋዴዎቹ ዘመን ነው። የአውሮፓ ነገሥታት ወርቅና ብር ሀብት ማለት ነው ብለው ያመኑበት ዘመን ነበር። ብዙ ሽጥ፣ ጥቂት ግዛ፤ የገባው አይውጣ፤ ጎረቤትህ ካልከሰረ አንተ አታተርፍም የሚል እምነት ነው። እንደ ልማዴ እነሱን ሆኜ ስለጻፍኩት የመምሪያ ኃላፊዬ አንብቦ “አሳመንከኝ እኮ” ብሎኛል።

ሦስተኛው የአንድ ንጉሥ ሐኪም የነበረ የፈረንሳይ ሰው ነው። ደም በሰውነት እንደሚዞር ሀብትም በአገር ይዞራል፣ ምንጩ ግን መሬት ብቻ ነው ይላል። ለእሱ ነጋዴና የእጅ ባለሙያ ያለውን ያዞራሉ እንጂ አዲስ ነገር አይፈጥሩም። ሽማግሌው ሙሕሲን ምን እንደሚሉ ለማወቅ ቸኩያለሁ።

ጥበብ


ጅቡቲ፣ መጋቢት 21 ቀን 2016

ለጥበብ

ጾሙን በሰላም ያስፈጽምህ፤ ለትንሣኤው ያድርስህ።

መነጽሩ ልክ ሆነኝ፤ ተባረክ። ረመዳን ስለሆነ ዓቢዳ ቀትር ላይ ታርፋለች፤ እኔም ቤት ይዤው እየገባሁ ለብቻዬ አነባለሁ። እንዴት ደስ ይላል መሰለህ፣ የፈለግሁት መስመር ላይ ቆም ብዬ ማሰብ።

ሐኪምህን ለሙሕሲን ነገርኩት። “ያ ሐኪም ጅቡቲን ቢያይ በቁማችን ይገንዘን ነበር” አለ። እውነቱን ነው፤ መሬታችን ድንጋይና ጨው እንጂ ሌላ ምን ይሰጣል? ወደቡ ባይኖር ማን እዚህ ይውላል። ስለዚህ እሱን ዘለልኩት።

ነጋዴዎቹ ግን ገቡኝ። የገባው አይውጣ የሚለውን ሳነብ ስለ እኛ ሱቅ የተጻፈ መሰለኝ። እኛ እኮ ከምንሸጠው ባልተናነሰ እናወጣለን። ለዚህ ቤት፣ ለዚያ ቤት፣ ለሙሕሲን እንግዶች፣ ለሐዘኑ። አንተ የተማርክ ልጅ ነህ፣ ይህን ያህል ገጽ የጻፍከው ያለ ነገር አይደለም ብዬ ከሐዘኑ በረዶ ጀመርኩ። ባለፈው ሳምንት የዓሣ ሻጩ እናት ሞቱ። ዓቢዳ እንደ ልማዷ በረዶውን ልትጠቀልል ስትል፣ ቢያንስ ግማሽ ዋጋ ይክፈሉ አልኳት።  ከዚያ ከሻሿ ጫፍ የራሷን ገንዘብ ፈትታ መሳቢያው ውስጥ አስቀመጠችና በረዶውን ተሸክማ ወጣች። ያም ሆነ ይህ ገንዘቡ ገባ፤ ነጋዴዎችህ እውነታቸውን ነው።

የሚቀጥለውን ቶሎ ላክ። አሁን ማንበብ ስለምችል አትስነፍ።

አክስትህ ፋናዬ

ዓቢዳ ሰላም ብላሃለች።


ድሬዳዋ፣ ሚያዝያ 30 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለአክስቴ

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰዎ። ለእትዬ ዓቢዳም ያለፈውን ዒድ ዘግይቼ እንኳን አደረሰዎ ብያለሁ።

ደብዳቤዎን ለተማሪዎቼ አነበብኩላቸውና ክፍሉ በሳቅ ሞላ። አክስቴ የንጉሥ ገንዘብ ያዥ ሆነዋል አልኳቸው። እንዲህ እየቀለዱ ማንበብዎ መጽሐፉ ሕይወት እንዳለው ያሳየኛል፤ እግዜር ይስጥልኝ።

አራተኛው ምዕራፍ የስኮትላንዱ መምህር ነው። ነጋዴዎቹን የሚረታቸው እሱ ነው። ሀብት በሣጥን የተቆለፈ ወርቅ አይደለም፣ ሰዎች ሠርተው የሚያገኙት፣ የሚለብሱትና የሚበሉት ነው ይላል። የሰው እጅ የሚያፈራው ደግሞ ሥራ ሲከፋፈል ይበዛል። እኔ ምሳሌውን ወደ ጫማ አምጥቼዋለሁ። አንድ ሰው ቆዳውን ቆርጦ፣ ሰፍቶ፣ ሶሉን መትቶ፣ ቀለም ቀብቶ ቢጨርስ በቀን ስንት ጫማ ይወጣዋል? አንዱ ብቻ ቢቆርጥ፣ ሌላው ብቻ ቢሰፋ፣ ሦስተኛው ብቻ ሶል ቢመታ ግን ሱቁ ይሞላል። ሁሉም የያዘውን እየለመደ እጁ ይፈጥናል፤ ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው ሲዘዋወር የሚባክን ጊዜም አይኖርም።

የላክሁት የምዕራፉን የመጀመሪያ አጋማሽ ነው። ሁለተኛው ገና አላለቀልኝም፤ ፈተና ማረም አለብኝ፣ የመምሪያ ኃላፊውም ለኅትመት ይቸኩላል። ለጊዜው ይህ ይበቃል ብዬ ነው።

በነገራችን ላይ የእትዬ ዓቢዳን የእጅ ጽሑፍ ባለፈው ደብዳቤ ግርጌ አጣሁት። ጾሙ አድክሟቸው ይሆናል።

ጥበብ


ጅቡቲ፣ ሰኔ 12 ቀን 2016

ለጥበብ

እንደምን ከርመሃል። እግዚአብሔር በጤና ያቆይህ።

ሙቀቱ መጥቷል። ነፋሱ ከበረሃ ሲነሣ ፊት ይጠብሳል፤ ከሰዓት በኋላ ከቤት የሚወጣ ሰው የለም። እንዲህ ባለ ጊዜ የበረዶ ሱቅ ያለው ሰው ሊደሰት ይገባዋል፤ እኔም ልደሰት ይገባኛል።

እንደ መጽሐፍህ አደረግሁ። የስኮትላንዱ ሰውዬ እንዳለው ሥራውን ከፈልኩት። ዓቢዳን ከኋላ ክፍል አደረግኋት፤ ማሽኖቹን መሙላት፣ በረዶውን ማውጣት፣ መሰባበር፣ በፕላስቲክ ማሰር። እኔ መስኮቱ ላይ መሸጥ ብቻ። ሰውዬው እውነቱን ነው። በሳምንቱ የምናወጣው በረዶ ጨመረ፤ ወረፋው አጠረ፤ ዓሣ አጥማጆቹ ከራስ ዲካ ድረስ እየመጡ ይወስዳሉ። ተከራይተን የማናውቀውን ጋሪ እንኳ ተከራየሁ። ደስ ብሎኝ ደብዳቤ ልጽፍልህ ስል ዓቢዳ ዝም አለች።

መጀመሪያ የደከማት መሰለኝ። የኋላው ክፍል ይሞቃል፤ ማሽኑ የሚተፋው ሙቀት ሁሉ እዚያ ነው የሚቀረው። ማራገቢያ ገዛሁላት። አላበራችውም። ከእሷ የሰማሁት ቃል አንድ ብቻ ነው፤ “ማን መጣ ማን ሄደ አላውቅም” አለችኝ። ሙሕሲንም በየቀኑ ከወንበሩ ላይ “ዓቢዳ የት አለች?” ይለኛል። ከኋላ ናት እለዋለሁ። “እስከ መቼ?” ይለኛል። ሥራ ነው እለዋለሁ።

በየዒዱ ጣፋጭ ሐልዋ በሳህን ታመጣልኝ ነበር። እኔ የእነሱን ሥጋ እንደማልበላ ስለምታውቅ ከሥጋው በፊት ለእኔ ነው የምትሠራው። ባለፈው እሑድ ዒድ ነበር፤ ሳህኑ አልመጣም። በማግሥቱ በሩን ስከፍት ቁልፏን ከበሩ ሥር አገኘሁት። አምቡሊ ሰፈር ከእህቷ ዘንድ መሄዷን ከሙሕሲን ሰማሁ። ከዚያ ወዲህ አልመጣችም።

አሁን መሸጡንም ማቀዝቀዙንም እኔው ብቻዬን ይዣለሁ። ሰውዬህ ይህን ምን ይለዋል?

የምዕራፉን ሁለተኛ አጋማሽ ላክልኝ። አንድ ነገርም ልጠይቅህ፤ ይህ መምህር አብሮት የሚሠራ ጓደኛ ነበረው? ነበረው ከተባለ ጓደኛው ምን ሆነ?

አክስትህ ፋናዬ


ድሬዳዋ፣ ሐምሌ 8 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለአክስቴ ለወይዘሮ ፋናዬ

ደብዳቤዎ የደረሰኝ ትናንት ነው። ደጉ ወደቡ ላይ ወረፋ ይዞት ሳምንታት ቆይቷል። አንብቤ እንደጨረስኩ ደወልኩልዎ፤ አላነሡም። ዛሬም ጠዋት ደወልኩ። ስለዚህ በቸኮለ እጅ ለሚመለሰው ሹፌር ይህን እሰጠዋለሁ።

አክስቴ፣ የሐዘን በረዶን ማቆምዎን ቀልድ መስሎኝ ክፍል ውስጥ አስቄበታለሁ። እንደዚያ እንዳደረግሁ ሳስብ ፊቴ ይግላል። ምዕራፎቹ ምክር አልነበሩም፤ የድሮ ሰዎች ያመኑትን ነበር የጻፍኩት። እኔ ክፍል ውስጥ ስናገር ተማሪው ማክሰኞ የነጋዴውን ሰምቶ ሐሙስ የተቃዋሚውን ይሰማል። ለእርስዎ ግን ሐሙስ የሚደርሰው በደጉ መኪና ነው። ይህን ማሰብ ነበረብኝ፤ ከነጋዴዎቹ እስከ ስኮትላንዱ መምህር ድረስ ስንት የለቅሶ ቤት እንዳለፈ አላሰብኩም።

ከዚህ ጋር የአራተኛው ምዕራፍ ሁለተኛ አጋማሽ አለ። አላለቀም ብዬዎት ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ሐሳቡ በእጄ ነበር፣ ግን የመጀመሪያው አጋማሽ ሲጠናቀቅ አምሮብኝ ማበላሸት አልፈለግሁም። ያ መምህር ራሱ፣ ሥራ ማከፋፈልን ያን ያህል ያመሰገነው ሰው፣ ሐሳቡን ሲጨርስ ዕድሜውን ሙሉ አንዲት ትንሽ ሥራ ብቻ ሲደጋግም የሚኖር ሰው አእምሮው ይደነዝዛል፣ ከሰው ጋር መጫወትና መፍረድ ያቅተዋል ብሎ አስጠንቅቋል። መንግሥት ለእንዲህ ያለው ሰው ትምህርት እንዲሰጥም ጠይቋል። ከእሱ በኋላ የመጡትም ብዙ ተከራክረውበታል፤ የበረዶ ዋጋ ከድካሙ ይመጣል ያለ አለ፣ ከተጠማው ሰው ፍላጎት ይመጣል ያለ አለ፤ የመጀመሪያው ብርጭቆና የመጨረሻው ብርጭቆ ውኃ ዋጋቸው አንድ አይደለም ብሎ የከበደ ቀመር የጻፈም አለ። ሁሉንም እጽፋቸዋለሁ። ከመካከላቸው ግን እትዬ ዓቢዳ በአያቴ ለቅሶ ያመጡትን በረዶ ዋጋ የነገረኝ አላገኘሁም።

ስለ ጓደኛው ጠይቀውኛል። ነበረው፤ በጣም የሚወደው ፈላስፋ ወዳጅ ነበረው፣ እስከ ሞቱ ድረስ አልተለያዩም።

አክስቴ፣ አምቡሊ ሩቅ አይደለም። ታክሲ ይያዙና ይሂዱ። ፈቃድ ባገኝ እኔም እመጣለሁ፤ እግራቸው ላይ ወድቄ ጥፋቱ የእኔ ነው እላቸዋለሁ። መጽሐፉ ቢቀር ይቅር፤ እናንተ ሁለታችሁ መስኮቱ ላይ አንድ ላይ ካልቆማችሁ የጻፍኩት ሁሉ ያስጠላኛል።

ልጅዎ ጥበብ


ጅቡቲ፣ ነሐሴ 5 ቀን 2016

ለወንድሜ ልጅ ለጥበብ

ሞት በሩቁ፣ ደስታ በቅርቡ ይሁንልህ። አይዞህ፣ ተቀመጥና ተረጋግተህ አንብብ።

ስልክህን ያላነሣሁት አፍሬ ነው። ምን ብዬ ላውራህ? አምቡሊ ሂጂ ብለሃል። ሁለት ጊዜ ታክሲ ተሳፍሬ ሁለት ጊዜ ከድልድዩ ተመልሻለሁ። ከአርባ ዓመት በላይ የሰፈር ሰው ሆኜ አንዲት ሴት ዘንድ “ይቅር በይኝ” ብዬ ለመግባት አንደበት አጣሁ። ከደብዳቤህ ጋር የላክከው ምዕራፍም ደርሶኝ ነበር፤ እሱን ግን አላነበብኩትም። እንደ ታጠፈ መሳቢያው ውስጥ፣ የዓቢዳ ገንዘብ ከገባበት ጎን አስቀመጥኩት።

ሐምሌ ሲያልቅ ሙሕሲን ሞተ። እንደ ወትሮው ከሰዓት በፊት ወንበሩ ላይ ተቀምጦ “ዓቢዳ የት አለች?” ብሎኝ ነበር። አምቡሊ ናት አልኩት። “ትመጣለች” አለኝ። ወደ ቤቱ ገብቶ ጋደም ባለበት ቀረ። እንደ እነሱ ሥርዓት በዚያው ቀን ሊቀበር ሆነ። ቀትር ነበር፤ ነፋሱ ከበረሃው በኩል ይነፋል፤ መብራትም ጠዋት ሄዶ አልተመለሰም። ማሽኖቹ ዝም ሲሉ ሱቁ እንዴት እንደሚያስፈራ አታውቅም። ያለኝን በረዶ ሁሉ አውጥቼ በጆንያ ጠቀለልኩና በጋሪው ይዤ ወጣሁ። ስንት ነው፣ ማን ይከፍላል የሚለው በልቤም አልመጣም። አስቤ አይደለም፤ እግሬ ነው የወሰደኝ።

ከሙሕሲን በር ላይ ታክሲ ቆመ። ዓቢዳ ወረደች። ሰው በስልክ ነግሯት ኖሮ ከአምቡሊ በራሷ ገንዘብ በረዶ ገዝታ፣ በሻርፗ ጠቅልላ ታቅፋዋለች። ግማሹ መንገድ ላይ ቀልጦ ቀሚሷን አርሶታል። ጋሪውን አየች። እኔን አየች።

“ስንት አልሽው?” አለችኝ።

“ዛሬ የምሸጠው የለኝም” አልኳት።

ሻርፗን ገልጣ አየች። ከዚያ “የእኔው ቀልጧል። ያንቺን አስገቢ” አለችኝ።

አለቀስኩ። ሰው ለሙሕሲን መሰለው፤ ለእሱም ነበር። ወንዶቹ ወደ መቃብር ሲሄዱ እኛ ጓዳ ገብተን ውኃ ስናቀዘቅዝና ስንቀዳ ዋልን። እንደ ድሮው፣ ማን ይቅዳ ማን ያድል ሳንባባል፣ እሷ ስትደክም እኔ፣ እኔ ስደክም እሷ። በዚያ ሁሉ ሐዘን መካከል ከደረቴ ላይ የወረደውን ነገር ለማን ልንገረው? እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ የለቅሶ ቤት ውስጥ ደስ ብሎኝ ዋልኩ። ሙሕሲን ቢያየኝ አይቀየመኝም፤ ትመጣለች ብሎኝ ነበርና።

ለቅሶው ሲያበቃ ወደ ሱቅ መጣች። ጥበብ የላከው ምዕራፍ ነው ብዬ የታጠፈውን ወረቀት ሰጠኋት። መነጽሬ ዓይኔ ላይ ነበር፣ ግን አንብቢልኝ አልኳት። እንደ ድሮው በሩን ገርበብ አድርገን አነበበችልኝ። አንድ ሥራ ብቻ የሚሠራ ሰው ይደነዝዛል የሚለው ላይ ስትደርስ ቆም አለችና “ይህ ሰውዬ ይህን ለመጨረሻ ማቆየት ምን አስፈለገው?” አለች። እሱ ሳይሆን ጥበብ ነው ያቆየው አልኳት። ስንስቅ የጎረቤት ሰው ምን ሆኑ ብሎ መጣ።

ከዚያ የልቧን ነገረችኝ። የከፋኝ የኋላው ክፍል አይደለም አለች። ሙቀቱም አይደለም። መጀመሪያ መጽሐፉን እኔ ሳነብ አንቺ ስትሰሚ፣ ሙሕሲን ሲጨቃጨቅ፣ ሁሉን እየተነጋገርን ነበር። መነጽር አገኘሽና ለብቻሽ አነበብሽው፤ ከዚያ ከእኔ ጋር ሳትመክሪ ከመጽሐፍ ጋር መክረሽ መጣሽ አለችኝ።  እውነቷን ነው። ነጋዴውም መምህሩም አልበደሉኝም። ሦስታችን ሆነን ያነበብነው ምዕራፍ ማንንም አልጎዳም፤ ለብቻዬ ያነበብኩት ነው ያጠፋኝ።

ሰውዬህን ግን ሙሉ በሙሉ አላባረርነውም። ጠዋት እሷ መስኮቱ ላይ ስትሆን እኔ ከኋላ እሆናለሁ፣ ከሰዓት ይገለበጣል። በረዶው እንደ በፊቱ በዝቷል፤ በዚህስ ሰውዬው ልክ ነበር። ወሬ ያለው ሰው ሲመጣ ግን ሁለታችንም መስኮቱ ላይ እንወጣለን፣ ማሽኑ ይጠብቅ። የሙሕሲንን ወንበር አላነሣነውም። ያን መሳቢያ ውስጥ ያስቀመጠችውን ገንዘብ ልመልስላት ብል እንቢ አለች፤ ለአንተ መንገድ ብላ ለደጉ ሰጥታዋለች። ስለዚህ መምጣትህ ግዴታ ሆኗል፤ ፈቃድ አገኘህም አላገኘህም።

መጽሐፉን አታቁም። ጥሩ መጽሐፍ ነው፣ አሁን እውነቱን ነው የምልህ፣ ሳልተኛ ነው የሰማሁት። አንድ ነገር ብቻ አደራ። ከእንግዲህ ምዕራፉንና መልሱን በአንድ ፖስታ አድርገህ ላክ። ልጆቹንም ቢሆን ማክሰኞ አስተምረህ እስከ ሐሙስ አታቆያቸው፤ ማን ያውቃል፣ አንዱ ረቡዕ ቤቱ ገብቶ እናቱን ከኋላ ክፍል ያስቀምጥ ይሆናል።

አባትህን ጉልበቱን ሳምልኝ። የቁልቢው ገብርኤል በክንፉ ይጋርድህ።

አክስትህ ፋናዬ

ልጄ ጥበብ፣ ዓቢዳ ነኝ። አልተቀየምኩህም፤ ከዳኛዬ ጋር ያስተዋወቅከኝን ልጅ እንዴት እቀየማለሁ። ሐልዋውን ደጉ ይዞታል፤ ከዒዱ የቀረ ሳይሆን አዲስ የተሠራ ነው፣ የእሷን አስቀድሜ ሰጥቻታለሁ። መጽሐፉ ሲታተም ሁለት አድርገህ ላክ። አክስትህ ከመጀመሪያው ስትጀምር እኔ መጨረሻውን አንብቤ እጠብቃታለሁ።